ከድንጋዩ ላይ የተፋቀው፦ ከኮምቦልቻ በታች የአንዲት ጅረት ጉዳይ

ጉዳዩ እንዴት መጣ

ኅዳር ውስጥ ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ሲወጡ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ወደ ኋላ ቀረ። ከቦርሳው በፌስታል የተጠቀለለ ቆስጣ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የቅጠሉ ጠርዝ ዙሪያውን ተቃጥሎ ደርቋል። መሀሉ ግን ለምለም ነው።

«ቲቸር፣ አያቴ ‹በሽታ ይሁን ወይስ ውኃው፣ መምህርህን ጠይቅልኝ› ብላኝ ነው» አለኝ።

አያቱ ከኮምቦልቻ በታች ጎመን፣ ቆስጣና ሽንኩርት ያለማሉ። የሚያጠጡት ወደ ቦርከና ከምትገባ አንዲት ትንሽ ጅረት ነው። ጅረቷ ወደ እሳቸው ከመድረሷ በፊት በሰፈር መሀል ታልፋለች፤ የፋብሪካ ፍሳሽም ይገባባታል።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የውኃ ኢንጂነር አይደለሁም፤ የእጽዋት ሐኪምም አይደለሁም። በሁለት ቀን የሚመለስ ጥያቄ መስሎኝ ነበር፤ አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ። የምጽፈው ሌላ ጅረት ዳር ይኸው ነገር የገጠመው ሰው እኛ የባከንነውን ያህል እንዳይባክን ብዬ ነው። የሰዎቹን፣ የድርጅቱንና የጽሕፈት ቤቱን ስም ትቻለሁ። የጅረቷንም ስም ትቻለሁ፤ ስሟ ከተነሳ የቀረው መታወቁ አይቀርም።

ቦታው

ከደሴ ተነስቶ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ ሰው በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። ቦርከናም በዚያው ወርዶ ከተማዋን ያቋርጣል። ከዚያ በሐርቡና በከሚሴ በኩል የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ አዋሽ ይገባል። በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብት ይዘው የሚሰፍሩት እዚያ ጨፋ ላይ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ለተማሪዎቼ ይህን ደጋግሜ የምነግራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ የወጣ ጨውና ብረት «ወደ ባሕር ሄደ» ብለን የምንገላገለው አይደለም፤ እዚሁ ተፋሰስ ውስጥ ይከማቻል።

የፋብሪካ ፍሳሽ ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽ ሞቃት ነው፤ ኮስቲክ ሶዳና ጨው ይበዛዋል፤ ቀለሙም ውኃው ውስጥ ብርሃን እንዳይገባ ይጋርዳል። የቆዳ ፍሳሽ ክሮሚየም፣ ጨውና እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት ሰልፋይድ ይይዛል። የቢራና የምግብ ፍሳሽ ራሱ መርዝ አይደለም። ስኳርና እርሾ ነው። ግን ባክቴሪያው ያን ሲበላ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ከሰፈር የሚመጣው የሽንት ቤትና የእጥበት ውኃ ደግሞ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስላለው ለአልጌ ማዳበሪያ ነው። በእኛ ጅረት ላይ ከእነዚህ የተወሰኑት ተደባልቀው ይገባሉ።

በክረምት ዝናቡ ሁሉን ያቀጥነዋል። ከጥቅምት እስከ በልግ መግቢያ ግን ጅረቷ ትከሳለች። ያኔ በውስጧ የሚሄደው በአብዛኛው የሰው ፍሳሽ ነው።

ጠርሙሱ ምን አለ

ሴትዮዋ፣ የልጁ አያት፣ ከእኔ በፊት ብክለትን ለሚቆጣጠረው ጽሕፈት ቤት ሁለት ጊዜ አመልክተው ነበር። በሁለቱም ጊዜ ባለሙያ መጥቷል። የመጣው ግን በሥራ ሰዓት፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። ውኃው ጥርት ብሎ አገኘው። በጠርሙስ ቀድቶ ሄደ። ውጤቱም «ከተፈቀደው መጠን በታች» ሆነ። ባለሙያው አልዋሸም። ያየውን ነው የጻፈው።

እኔም ያንኑ ስህተት ደገምኩት። ቅዳሜ ጠዋት በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቼ ትምህርት ቤት ወሰድኩ። የፒኤች ወረቀት ነከርኩበት፤ ፒኤች ውኃው ምን ያህል ኮምጣጣ (ከ7 በታች) ወይም እንደ ሳሙና ያለ (ከ7 በላይ) መሆኑን የሚናገር ቁጥር ነው። በ7 እና በ8 መካከል ሆነ። ለመስኖ ውኃ ከ6.5 እስከ 8.4 ያለው የተለመደ ነው። ሄጄ «እማማ፣ ውኃው ደህና ይመስላል፤ ምናልባት በሽታ ይሆናል» አልኳቸው።

ቆመው ሰሙኝ። ከዚያ «መምህር፣ ውኃው ሲመጣ አንተ የለህም፤ አንተ ስትመጣ ውኃው የለም» አሉኝ።

በጉዳዩ ሁሉ ከዚህ የበለጠ ትክክል የሆነ ነገር የተናገረ ሰው የለም። ጠርሙስ የሚይዘው የአንድ ደቂቃን ውኃ ነው። ያ ደቂቃ ደግ ከሆነ የቀረው ሳምንት ሁሉ ደግ ተብሎ ይጻፋል።

ሌላም ያሳሳተን ነገር ነበር። የጎረቤት ማሳ ጤነኛ ነው። በአንድ ቦይ፣ በአንድ ውኃ ይጠጣል፤ ቅጠሉ ግን አልተቃጠለም። ሰውም «ውኃው ቢሆን የሁላችንም ይቃጠል ነበር» ይላል። እኔም ይህ ክርክር ለጊዜው አሳምኖኝ ነበር።

ለምን ድንጋይ

ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ረግጦ የተንሸራተተ ሰው ደቃቅ አልጌን ያውቃታል። ያ ሙልጭልጭ የሚል ቡናማ ሽፋን ሕያው ነው። አብዛኛው ዳያተም ይባላል፤ ባለ አንድ ሕዋስ ነው፤ ቤቱን የሚሠራው ብርጭቆ ከሚሠራበት ሲሊካ ነው። በዓለም ላይ ከሚመረተው ኦክስጅን አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆነው ከዳያተም ነው የሚመጣው።

ለጉዳያችን የጠቀመን ሌላ ባሕሪው ነው። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ዓሣ መጥፎ ውኃ ሲመጣ ሊሸሽ ይችላል፤ እሱ አይችልም። ሌሊት ያለፈውንም፣ ባለፈው ሳምንት ያለፈውንም ውኃ ሁሉ ይቀምሳል። የማይችሉት ዓይነቶች ይሞታሉ፤ የሚችሉት ይተካሉ። ስለዚህ ድንጋዩ ላይ ያለው ማኅበር የጥቂት ሳምንታትን ታሪክ ይይዛል። የሞቱትም ቢሆኑ የብርጭቆ ቤታቸውን ትተው ነው የሚሄዱት።

ይህን የማስተምረው ከመጽሐፍ ነበር። ደጄ ላይ ላለ ጥያቄ መልስ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያደረግነው

ሦስት ቦታ መረጥን። «ሀ» ምንም ፍሳሽ ሳይገባ፣ ከሁሉ በላይ ነው። «ለ» ከፍሳሾቹ ሁሉ በታች ነው። «ሐ» የሴትዮዋ ማሳ ጋ ነው። በእያንዳንዱ ቦታ ውኃው ፈጠን ብሎ ከሚወርድበት፣ ፀሐይ ከሚያገኘው፣ አምስት አምስት ድንጋይ አነሳን። የላይኛውን ፊት ብቻ በጥርስ ብሩሽ ፍቀን በሳህን ላይ በጥቂት ውኃ አጠብነው። ለየቦታው የየራሱ ብሩሽ ነበረው። አንዱን ብሩሽ ሦስቱም ጋ ብንጠቀም የላይኛውን አልጌ ይዘን ታች እንወርድ ነበር።

ግማሹን ሳይነካ፣ ሕያው እንዳለ፣ በዚያው ቀን በማይክሮስኮፕ ለማየት አስቀመጥን። በግማሹ ላይ እንዳይበላሽ አዮዲን ጠብ አደረግንበት። ማይክሮስኮፓችን 400 ጊዜ የሚያጎላ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ነው። የዳያተምን ዝርያ ለይቶ ለመጥራት አይበቃም፤ ወገኑን ለማወቅ ግን ይበቃል።

ከዚህ ጎን ለጎን የሴትዮዋ የልጅ ልጅ አንድ ደብተር ያዘ። ቀን፣ ሰዓት፣ የውኃው ቀለም፣ ሽታው፣ አረፋ መኖሩ፤ በየቀኑ አንድ መስመር። አያቱ ማንበብ አይችሉም። ሌሊት ያዩትን ጠዋት ይነግሩታል፤ እሱ ይጽፋል። ያን ደብተር ስሰጠው የልጁን ሞራል ለመጠበቅ ያህል ነበር። በኋላ ከማይክሮስኮፑ እኩል ያገለገለን እሱ ሆነ።

የመጀመሪያው ዙር፣ ያደናገረን ቁጥር

ከ«ሀ» የመጣችውን ጠብታ ስላይድ ላይ አድርገን ስናይ ወርቃማ ቡናማ የሆኑ፣ ታንኳ የሚመስሉ ነገሮች ቀስ ብለው ይንሸራተታሉ። ናቪኩላ ናቸው። ስማቸው በላቲን ትንሿ ታንኳ ማለት ነው። ልጁ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አላነሳም። «እየሄደ ነው እኮ!» አለ። ጎምፎኔማ፣ ሲኔድራ፣ ሲምቤላና ኮኮኔስ የሚባሉ ሌሎች ዳያተሞችም ነበሩ።

የ«ለ» ድንጋዮች ገና ከውኃ ሲወጡ ይለያሉ። አያንሸራትቱም። እንደ አሸዋ ይሻክራሉ። ብሩሹ ብዙ ፍቆ ያወጣው ትንሽ ግራጫ ውኃ ነው። በስላይዱ ላይ ኒትሺያ የሚባለው ዳያተም ጥቂት፣ ኦሲላቶሪያ የሚባል ክር ጥቂት፣ ከዚያ ደግሞ ባዶ የዳያተም ቤቶች። ብርጭቆው አለ፤ ውስጡ ወርቃማው ነገር የለም። ሰዎቹ ለቀው የሄዱበት መንደር ይመስላል።

አሁን ቁጥር ያስፈልገን ነበር። አሜሪካዊው ፓልመር በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ አለ። ብክለት የሚችሉ 20 የአልጌ ወገኖችን ዘርዝሮ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። በናሙናው ውስጥ የተገኙት ነጥባቸው ይደመራል። 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ የበሰበሰ ነገር ብክለት አለ ማለት ነው። ከ15 እስከ 19 ከሆነ ምናልባት አለ ይባላል።

ደመርን። «ሀ» ላይ ናቪኩላ 3፣ ጎምፎኔማ 1፣ ሲኔድራ 2፤ ድምር 6። ሲምቤላና ኮኮኔስ በዝርዝሩ የሉም። «ለ» ላይ ኒትሺያ 3፣ ኦሲላቶሪያ 5፤ ድምር 8።

ስድስትና ስምንት! ሁለቱም ከ15 በታች ናቸው። በቁጥሩ መሠረት ጅረቷ ከላይም ከታችም ንጹሕ ናት። ድንጋዩን በእጃችን ባንነካው ኖሮ እናምነው ነበር።

ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ያ መለኪያ የተሠራው ለበሰበሰ ነገር ነው። ብክለቱ አልጌውን የሚያበላ ከሆነ ነጥቡ ይወጣል። ብክለቱ አልጌውን የሚገድል ከሆነ ግን የሚቆጠር ነገር አይኖርም፤ ነጥቡም ይወርዳል። የሞተ ወንዝና ንጹሕ ወንዝ በዚያ ወረቀት ላይ ተቀራራቢ ነጥብ ያገኛሉ።

አራተኛው ቦታ

ይህን ይዘን ፍሳሹን በቱቦ ወደ ጅረቷ ወደሚለቀው ድርጅት ሄድን። ያነጋገረን ኃላፊ በጨዋነት ተቀበለን። «ከእኛ ቱቦ በላይ የከተማው ቦይ ይገባል። የሰፈሩን ሽንት ቤት ለምን በእኛ ታላክካላችሁ?» አለን።

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ነው። «ሀ»ን ከሁሉ በላይ፣ «ለ»ን ከሁሉ በታች አድርገን በመሀል ሁለት ፍሳሽ አስገብተናል። የትኛው ምን እንዳደረገ የምንለይበት መንገድ የለንም። ተመልሰን በከተማው ቦይና በድርጅቱ ቱቦ መካከል አራተኛ ቦታ ጨመርን፤ «መ» አልነው።

«መ» ሌላ ዓለም ነው። ድንጋዩ በወፍራም አረንጓዴ ልጋግ ተሸፍኗል። ዩግሊና 5፣ ኦሲላቶሪያ 5፣ ሲነዴስመስ 4፣ ኒትሺያ 3፣ ናቪኩላ 3። ድምሩ 20። የከተማው ቦይ ጅረቷን በእርግጥ እየበከለ ነው። ኃላፊው ትክክል ነበር።

ነገር ግን ከዚያው ቦታ ጥቂት መቶ እርምጃ ወርደን፣ ከቱቦው ታች፣ ያ ሁሉ ልጋግ የለም። ድንጋዩ ራቁቱን ነው። ቦዩ ያበላውን አልጌ ቱቦው ጠርጎታል። ያንን ልዩነት የሽንት ቤት ውኃ አያመጣውም። ሁለቱን ስናስቀምጥ ሁለቱም ወገን የየድርሻውን ያዘ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተታችንን ላስቀምጥ። በከተማው ቦይ አፍ ላይ ቅርንጫፍና ድንጋይ ሁሉ ጥጥ የሚመስል ግራጫ ነገር ለብሶ ነበር። ደብተሩ ላይ «አልጌ» ብለን ጻፍን። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አረንጓዴም ወርቃማም የለበትም፤ ክር ብቻ ነው። አልጌ ሳይሆን ስፌሮቲለስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ስኳርና የበሰበሰ ምግብ በሚበዛበት ውኃ ይራባል። ዓይን ብቻውን አይለየውም። በዚያ ግራጫ ድር ላይ ተመሥርቶ «አልጌ በዛ» ብሎ መጻፍ ትልቅ ስህተት ነው። ብርሃን የሚፈልገውንና የማይፈልገውን መቀላቀል ነው።

በቀትር የለካነው

ሌላው ስህተት የበለጠ አሳፍሮኛል። «ሐ» ላይ፣ ማሳው ጋ፣ በመንገድ የምትገባ ምንጭ ስላለች ውኃው ይቀጥናል፤ ፀጉር የሚመስል አረንጓዴ አልጌ እንደገና ይበቅላል። አንድ ቀን በቀትር የፒኤች ወረቀት ነከርን፤ 9 ሆነ። «ያዝናቸው!» ብለን ጮህን። ሊላክ የነበረ ደብዳቤ ውስጥም አስገባነው።

ደብዳቤው ከመሄዱ በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ላቦራቶሪ የሚሠራ፣ «ቲቸር፣ ጎህ ሲቀድ ለኩት እንጂ» አለኝ። በዚያው ሳምንት ጎህ ሳይቀድ ሄድን። ፒኤቹ 7 ተኩል ገደማ ሆነ።

የቀትሩን 9 ያመጣው አልጌው ራሱ ነበር። ፀሐይ ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውኃው ይመጥጣል። ያ ጋዝ ውኃውን ትንሽ ኮምጠጥ የሚያደርግ ነው፤ ከውኃው ሲወጣ ፒኤች ይጨምራል። ማታ አልጌው መልሶ ይተነፍሰዋል፤ ፒኤች ይወርዳል። ኦክስጅኑ ደግሞ እንዲሁ ነው፤ በቀትር ይትረፈረፋል፣ ጎህ ሲቀድ ያልቃል። አልጌ በበዛበት ውኃ ዓሣ የሚሞተው ሊነጋ ሲል ነው። በቀትር የለካ ሰው ጤነኛ ወንዝ ይዞ ይሄዳል።

ኦክስጅኑን በተዋስነው መለኪያ ስናይም የከፍታ ነገር አሳስቶናል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በባሕር ጠለል ላይ፣ ንጹሕ ውኃ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በእኛ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የሚይዘው 7.3 ገደማ ነው። እኛ የባሕር ዳርቻ ሠንጠረዥ ይዘን «ሀ» ላይ እንኳ ኦክስጅን ጎደለ ብለን ነበር። አልጎደለም። ተራራ ላይ ነን።

ሦስተኛው ሌሊት

ደብተሩ የስድስት ሳምንት መስመር ሲሞላ አንድ ነገር ታየ። ጥቁር ውኃ የሚመጣው ሁልጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በተለይ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ። ያንን ይዘን ለሦስት ሌሊት ጠበቅን። እኔ፣ የልጁ አጎትና የውኃ አባቱ ነበርን። የውኃ አባት በመስኖ ተጠቃሚዎች መካከል ተራ የሚያስከብር ሽማግሌ ነው።

ሁለት ሌሊት ምንም የለም። በሦስተኛው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ መጀመሪያ የተለወጠው ሽታው ነው። የልብስ ሳሙና የመሰለ፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ። ቀጥሎ በባትሪው ብርሃን በጅረቷ ላይ እንፋሎት አየን። የታኅሣሥ ሌሊት ነው። ጣቴን ነከርኩ። ለብ ያለ ነው። ወረቀቱ ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፤ 10ን አልፏል። ለፋብሪካ ፍሳሽ የተፈቀደው ከ6 እስከ 9 ነው። ፒኤች አንድ ቁጥር ሲጨምር አሥር እጥፍ ነው፤ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

የውኃ አባቱ ውኃውን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ «ይቺ ሴትዮ ተራዋ ሌሊት ነው» አሉ።

የጎረቤቱ ማሳ ለምን እንዳልተቃጠለ ያን ጊዜ ገባኝ። እሱ የሚያጠጣው ቀን ነው። ቦዩ አንድ ነው፤ ውኃው ግን አንድ አይደለም። የሴትዮዋን መሬት በየተራው የሚጠጣው ያ ጨዋማ ውኃ ነበር። በአፈሩ ላይ ያየነው ነጭ ቅርፊትም ከዚያ የመጣ ነው። ከኮስቲክ ሶዳውና ከጨው የሚመጣው ሶዲየም አፈሩን ያፈርሰዋል፤ ላዩ ይደፈናል፤ ውኃ አይሰርግም፤ ሥሩ እየተጠማ ቅጠሉ ከጠርዝ ይቃጠላል።

አቤቱታው

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለው። ማንም ሰው ብክለት አደረሰ ወይም ሊያደርስ ነው በሚለው ላይ ማመልከት ይችላል፤ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ጽሕፈት ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ አለ።

የቀድሞው ማመልከቻ «ውኃው እየበከለን ነው» የሚል ነበር። የአሁኑ ሁለት ገጽ ሆነ። የደብተሩ ግልባጭ፣ የአራቱ ቦታዎች ድንጋይ ፎቶ ጎን ለጎን፣ ጥያቄውም አንድ፦ ባለሙያ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት፣ ሳይነገር ይምጣ። የማንንም ድርጅት ስም አላነሳንም፤ ቱቦውን ብቻ አመለከትን። የቀኑ ቁጥርም ተጻፈ፤ ማመልከቻው የገባበት ማኅተም ያለበት ቅጂ እጃችን ቀረ።

በ24ኛው ቀን መጡ። የመጡት ደግሞ በጠየቅነው ሰዓት ነው። ፍሳሹን ሳይጣራ፣ ማጣሪያውን ዘሎ የሚያሳልፍ ቱቦ ተከፍቶ አገኙት። ድርጅቱ ያቀረበው ምክንያት የማመጣጠኛ ገንዳው መጥበቡን ነው፤ በሳምንቱ መጨረሻ የማጠቢያው ውኃ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ማጣሪያው አይችለውም። አምናለሁ። ግን በሌሊት መልቀቅ የገንዳ ጥበት አይደለም፤ ምርጫ ነው።

የሠራና ያልሠራ

ወዲያው የሠራው የውኃ አባቱ ያደረጉት ነው። ማንንም ሳይጠብቁ በዚያው ሳምንት ተራውን ቀየሩ። ሌሊት ማጠጣት ቀረ። ሦስት ቀን ጭቅጭቅ ነበር፤ አራተኛው ቀን ተስማሙ። አንድም ብር አልወጣበትም።

ያልሠራው ጉድጓድ ነው። እኔ ያመጣሁት ሐሳብ ነበር። ሸራ ተነጠፈበት፤ ውኃው አንድ ቀን ተኝቶ እንዲጠራ ታሰበ። ጭቃው ዘቀጠ፤ ውኃውም አማረ። ጨው ግን አይዘቅጥም፤ የተሟሟ ነው። ይባስ ብሎ ፀሐዩ ውኃውን እያተነነ ጨውን አወፈረው። በዚያ የጠጣው ሽንኩርት ከቦዩ ከጠጣው ባሰ። የቤተሰቡን የሁለት ሳምንት ጉልበት አቃጥያለሁ፤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

አልጌው ያልመለሰው ጥያቄም አለ። ድንጋዩ «እዚህ የሚገድል ነገር አልፏል» ይላል። ክሮሚየም ነው ወይስ ኮስቲክ ሶዳ ብቻ ነው አይልም። ለዚያ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ላቦራቶሪው ጽሕፈት ቤቱ በወሰደው ናሙና ላይ እንዲያየው በማመልከቻው ጠየቅን። እስከዚያው ሴትዮዋ ቅጠላ ቅጠሉን በጅረቷ ማጠብ አቆሙ፤ በቧንቧ ውኃ ማጠብ ጀመሩ።

ድርጅቱ ገንዳውን አሰፋ፤ ማለፊያ ቱቦውም በጽሕፈት ቤቱ ታሸገ። የውኃው ቀለም ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በባክቴሪያ የሚሠራ ማጣሪያ ብዙ የጨርቅ ቀለሞችን አይፈጭም። ስለዚህ ቀለም አሁንም ያልፋል። ቀለም ማየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቀለም አለመኖሩም እንዲሁ።

ለሚሞክር ሰው

አንድ ፍሳሽ በገባ ቁጥር ከላዩና ከታቹ ናሙና ውሰዱ። እኛ ይህን ባለማድረጋችን ሁለት ወር አጥተናል፤ ለመካድም በር ከፍተናል። ጠርሙስ ከመያዛችሁ በፊት ደብተር ያዙ፤ መቼ መሄድ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ጎህ ሳይቀድና በቀትር ለኩ፤ አንዱን ብቻ ከሆነ ጎህ ሳይቀድ ይሁን። የብክለት ነጥብ ስትደምሩ ስንት ሕያው፣ ስንት ባዶ ቤት እንዳለ አብራችሁ ጻፉ። ነጥቡ ዝቅ ብሎ ድንጋዩ ከሻከረ ደስ አይበላችሁ።

የራሳችሁንም ሰፈር ቦይ አትዝለሉ። «መ» ላይ የተገኘው 20 የእኛው ነው፤ የእኔም ቤት ውኃ በዚያ ቦይ ይወርዳል። ያን ክፍል ከማመልከቻው እናውጣው ያሉ ነበሩ። ባናስገባው ኖሮ ድርጅቱ ያነሳው ነበር፤ ያኔ የቀረውም አይታመንም ነበር።

አሁን ያለበት

ከክረምት በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ ከወለል ሥራ የተረፉ የሴራሚክ ቁራጮችን በሽቦ አስረን በአራቱም ቦታ ውኃ ውስጥ አስቀመጥን። ድንጋይ የድሮ ታሪክ ይይዛል፤ ቁራጩ ግን ከዜሮ ይጀምራል። አራት ሳምንት ቆይተን አወጣናቸው። «መ» እንደ ድሮው አረንጓዴና ወፍራም ነው። የከተማው ቦይ ጉዳይ ለማዘጋጃ ቤት ተጽፏል፤ መልስ እየጠበቅን ነው።

የ«ለ»ን ቁራጭ ያወጣው ልጁ ነው። አሁን አሥረኛ ክፍል ነው። አውራ ጣቱን በላዩ አሳለፈበት። ቀና ብሎ አየኝና «ቲቸር፣ ያንሸራትታል» አለ።

በስላይዱ ላይ ኒትሺያ ይበዛል። በመሀሉ ሁለት ናቪኩላ አገኘን፤ ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ። ቀጣዩን ቁራጭ ጥር ላይ እናወጣለን።